ሲሪ፣ አሌክሳና ጉግል አማርኛ በሚነገርበት ቤት

ቁርጡን አስቀድሞ መናገር ይሻላል፦ በድምፅ የሚታዘዙት የስልክና የስፒከር ረዳቶች፣ ሲሪም፣ አሌክሳም፣ የጉግል ረዳትም፣ በአማርኛ አይታዘዙም። ሲሪ በ2011 ከአይፎን 4ኤስ ጋር ወጣች፤ አሌክሳ በ2014 ከአማዞኑ ኤኮ ስፒከር ጋር መጣች፤ የጉግል ረዳት በ2016 ተከተለ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ለሲሪ ዕብራይስጥና ዓረብኛ ተጨምሮላታል፤ አሌክሳም በ2021 መጨረሻ ለሳዑዲና ለኤምሬትስ ደንበኞች በዓረብኛ ማገልገል ጀምራለች። የአማርኛ ተራ ገና አልደረሰም። ስለዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ ያለውም፣ ዱባይ ያለውም፣ አዲስ አበባ ያለውም አማርኛ ተናጋሪ እነዚህን ዕቃዎች የሚያዛቸው በሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ በእኛ ስም፣ በእኛ ሰዓትና በእኛ ቀን አቆጣጠር ምን ያህል እንደሚሠሩ ግን ሣጥኑ ላይ አይጻፍም።

በአጭሩ፣ ቅርጹ የታወቀ አጭር ትእዛዝ ላይ ጎበዝ ናቸው። የሰው ስም፣ ሰዓትና ቀን ሲመጣ ይስታሉ። የሚስቱበት ምክንያት ግን የታወቀ ስለሆነ አብዛኛው መላ አለው።

ወጥ ቤት

ጥቅማቸው ጎልቶ የሚታየው እጅ ሥራ ሲይዝ ነው። እጁ በሊጥ ወይም በበርበሬ የተለወሰ ሰው ስልክ መንካት አይችልም፤ "ሴት ኤ ታይመር ፎር ፎርቲ ሚኒትስ" ማለት ግን ይችላል። ታይመር ደግሞ ከሁሉም በላይ የማይስቱት ሥራ ነው፤ ቁጥርና ደቂቃ ብቻ ስለሆነ የሚሳሳቱበት ቦታ ጠባብ ነው። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርቱን በአንድ ታይመር፣ እንቁላሉን በሌላ መያዝ ይቻላል፦ "ኦኒየን ታይመር"፣ "ኤግ ታይመር" እያሉ ስም መስጠት ነው። አይፎን ላይ ብዙ ታይመር ባንድ ጊዜ መሙላት የተቻለው ከአይኦኤስ 17 (የአይፎን ዋና ሶፍትዌር 17ኛ እትም) ወዲህ ነው፤ ከዚያ በታች ያለ ስልክ አንድ ብቻ ይይዛል። ስያሜው እንግሊዝኛ ይሁን። "ቁሌት ታይመር" ብትሉ "ቁ" እንግሊዝኛ ውስጥ የሌለ ድምፅ ስለሆነ መሣሪያው የመሰለውን ቃል ይመዘግባል፤ ቆይታችሁ "ቁሌቱ ስንት ቀረው?" ስትሉት በሌላ ቃል ይሰማና ታይመሩን ያጣዋል።

ሰው የሚሰለቸው በማይሰሙት ጊዜ ነው፤ የዚህም ሰበቡ ብዙ ጊዜ አቀማመጡ ነው። ስፒከሩን ጥግ አስጠግቶ ማስቀመጥ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ድምፅ ከግድግዳው ነጥሮ ከቃላችሁ ጋር ይደባለቃል። ከግድግዳና ከመስኮት ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ከምድጃውም ራቅ ይበል፦ ዘይት ሲንጫጫ የሚያወጣው ድምፅ "ስ"፣ "ፍ" እና "ት"ን ይሸፍናል፤ "ፊፍቲን" እና "ፊፍቲ" የሚምታቱትም ያን ጊዜ ነው። ሁልጊዜ መልሶ የሚናገረውን ቁጥር አዳምጡ፤ አሥራ አምስቱን ሃምሳ ካለ ወዲያው ማረም ይቻላል።

ስም

"ኮል ጸጋዬ" የሚለው ትእዛዝ ለምን እንደሚከሽፍ ማወቅ ብዙ ንዴት ያስቀራል። የእንግሊዝኛ ድምፅ መለያው የሠለጠነው በእንግሊዝኛ ድምፆች ነው። ጸ፣ ጠ፣ ቀ፣ ጨና ጰ የሚባሉ ነገሮች አያውቅም፤ ወደ ቅርብ ጎረቤታቸው ይወስዳቸዋል። ስሙ በስልካችሁ ውስጥ በፊደላችን ከተጻፈማ እንግሊዝኛ የምትሰማዋ ሲሪ ከምን ጋር ታዛምደው?

መፍትሔው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው አይፎን ላይ የሰውዬውን ኮንታክት ከፍቶ "ኤዲት"፣ ቀጥሎ "አድ ፊልድ" ብሎ የአነባበብ መስመሩን መጨመር ነው። እዚያ መስመር ላይ ስሙን አንድ እንግሊዛዊ ቢያነበው እናንተ ከምትሉት ጋር እንዲቀራረብ አድርጋችሁ በላቲን ፊደል ጻፉ፤ ለጸጋዬ የመጀመሪያውን "ቲ" ትቶ በ"ኤስ" መጀመር ይሻላል። ሁለተኛው ዝምድናን መጠቀም ነው፦ "ኮል ማይ ማዘር" ስትሉ ሲሪ እናታችሁ ማን እንደሆኑ ትጠይቃለች፤ አንዴ ከመረጣችሁላት ከዚያ ወዲያ ስም አያስፈልግም። ለእናት፣ ለአባት፣ ለባለቤት፣ ለወንድምና ለእኅት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ሦስተኛው ለሥራ ሰዎች ነው፤ "አበበ ጋራዥ" ብሎ መመዝገብ ድሮም የእኛ ልማድ ነው፤ ያቺ "ጋራዥ" የምትለው ቃል ማሽኑን መንገድ ታሳየዋለች። "ሰላም ሱቅ"ን ግን "ሰላም ሾፕ" ማድረግ ይሻላል።

አክብሮቱስ? "ጋሽ"፣ "እትዬ"፣ "ወይዘሮ" ከስሙ ፊት ሲገቡ ለማሽኑ ተጨማሪ እንቅፋት ናቸው። ከስሙ መስመር አውጥቶ ቅጽል ስም በሚጻፍበት ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሲደውሉ ስክሪኑ ላይ ባዶ ስማቸው መታየቱ ደስ ለማይለው ሰው ግን በዝምድና መጥራቱ ይሻለዋል።

ሰዓትና ቀን

እዚህ ላይ ማሽኑ የሰማውን በትክክል ሰምቶ እንኳ ሰው ከሥራ ይቀራል። "ለሁለት ሰዓት ቀስቅሰኝ" የሚል ሐሳብ ያለው ሰው በአፉ "ቱ ኦክሎክ" ካለ አላርሙ የሚጮኸው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወይም ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ለማሽኑ አይገባውም፤ የሚያስገባበት ሴቲንግም የለውም። ሁለት ልማድ ያድናል። ሰዓትን በስሙ ከመጥራት ርዝመቱን መናገር፦ "ኢን ሲክስ አወርስ"፣ "ኢን ናይንቲ ሚኒትስ"። ስድስት ሰዓት ያህል መተኛት በማንም አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ያህል ነው። የግድ በስሙ መጥራት ካለባችሁ ደግሞ "ኤኤም" ወይም "ፒኤም" ጨምሩ፤ ተጠይቆ ካልተነገረ ማሽኑ ራሱ ይገምታል።

ቀን ደግሞ ከዚህ ይረቃል። ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ አስታውሰኝ ማለት ቀላል ነው፤ የሳምንቱ ቀናት አንድ ስለሆኑ ጾሙን አይስትም። የወር በዓል ግን ይስታል። ሚካኤልን በ12 የሚያከብር ሰው ሴፕቴምበር 22 ላይ "በየወሩ ድገምልኝ" ካለ ማስታወሻው ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ይንሸራተታል፤ የፈረንጁ ወር 31 ቀን ሲኖረው የእኛ 30 ነውና። ትክክለኛው አሞላል "በየ30 ቀኑ" ነው። አይፎን ሪማይንደር ውስጥ "ሪፒት"፣ ከዚያ "ከስተም" ገብቶ ድግግሞሹን በቀን አድርጎ 30 መሙላት ነው፤ ይህን በድምፅ ከማስረዳት በእጅ መሙላት ይፈጥናል። ከመስከረም 12 እስከ ነሐሴ 12 ሳይዛነፍ ይሄዳል። ከነሐሴ 12 በኋላ ጳጉሜ ስለምትገባ ቀጣዩ ከ35 ቀን በኋላ፣ ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት ከ36 ቀን በኋላ ነው፤ ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ እንደ አዲስ መጀመር አለበት። ለእንቁጣጣሽም ሴፕቴምበር 11ን በየዓመቱ ድገም ብሎ መተው አይበቃም፤ በ2023 በ12 ዋለ፣ በ2027ም በ12 ይውላል።

አማርኛ ማስተማር

በአማርኛ አይታዘዙም ብለናል። ጥቂት ቃል ግን ማስለመድ ይቻላል፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ይህንን ነው።

አይኦኤስ 18 ላይ "ቮካል ሾርትከትስ" የሚባል ነገር አለ። የተሠራው በሕመም ምክንያት አነጋገራቸው ለተለወጠ ሰዎች ስለሆነ የቃሉን ትርጉም ከማወቅ ይልቅ የተቀዳውን ድምፅ ማስታወስ ላይ ያተኩራል። አሠራሩ፦ ሴቲንግ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ ቮካል ሾርትከትስ። መጀመሪያ ምን እንዲሠራ እንደምትፈልጉ ትመርጣላችሁ፤ ሾርትከት (አስቀድሞ የተዘጋጀ የሥራ ቅደም ተከተል) ሊሆን ይችላል፣ ለሲሪ የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትእዛዝም ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ መጥሪያውን በላቲን ፊደል ትጽፋላችሁ፤ በመጨረሻ ሦስት ጊዜ ትናገሩታላችሁ። "መብራቱን አጥፊልኝ" የሚለውን ሦስት ጊዜ በተለመደው ፍጥነታችሁ ካላችሁት በቂ ነው። ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል እየለዩ መቅዳት ስሕተት ነው፤ ነገ በዚያ አነጋገር አትናገሩም። አጭር ቃል አትምረጡ። "አጥፊ" ብቻ ብትሉ በወሬ መሀል ይቀሰቀሳል። ሁለት ትእዛዝ በአንድ ቃል እንዳይጀምርም ተጠንቀቁ፤ "መብራቱን አጥፊልኝ" እና "መብራቱን አብሪልኝ" ከሚምታቱ ሁለተኛውን "ቤቱን አብሪልኝ" ማለት ይሻላል።

አሌክሳ ላይ መንገዱ ጠማማ ነው፤ ግን ይሠራል። አፑ ውስጥ "ሩቲንስ" ገብታችሁ በድምፅ የሚቀሰቀስ ሩቲን (በአንድ መጥሪያ የሚከናወን ሥራ) ስትከፍቱ መጥሪያውን በጽሑፍ ይጠይቃችኋል። እዚያ አማርኛውን በላቲን ፊደል ብትጽፉት አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም፤ እሷ የምትሰማው ሌላ ነውና። ስለዚህ መጀመሪያ የአማርኛውን ቃል ለአሌክሳ አራት አምስት ጊዜ ንገሯት። "አልገባኝም" ትላለች፤ ግድ የለም። ከዚያ አሌክሳ ፕራይቬሲ ውስጥ የድምፅ ታሪኩን ክፈቱና የሰማችውን በምን ቃላት እንደጻፈችው እዩ። "ቡና"ን፣ "መብራት"ን እንግሊዝኛ አስመስላ ጽፋቸው ታገኛላችሁ። ያንን ጽሑፏን እንዳለ ወስዳችሁ መጥሪያ አድርጉት፤ ሁለት ሦስት ዓይነት ከጻፈችም ሁሉንም አስገቡ። ጸ፣ ጠና ቀ የሌለባቸው ቃላት በዚህ መንገድ በደንብ ይሠራሉ፤ እነዚህ ድምፆች ያሉበት ቃል ግን በእያንዳንዱ ጊዜ ሌላ ሆኖ ስለሚጻፍ ባትደክሙበት ይሻላል።

ስለ መቀስቀሻ ቃል አንድ ነገር እንጨምር። ከአይኦኤስ 17 ወዲህ "ሄይ" የምትለዋን ትቶ "ሲሪ" ብቻ ማለት ይቻላል። አማርኛ በሚነገርበት ቤት ይህን ባትከፍቱ መልካም ነው። ልጅን "የቤት ሥራሽን ሥሪ" ማለት በየምሽቱ ያለ ነገር ነው፤ "ሥሪ" ደግሞ ለስልኩ ጆሮ ከስሟ ብዙም አይርቅም። ሴቲንጉን "ሄይ ሲሪ" ላይ ተዉት።

በአማርኛ በእውነት የሚሠራው

ትእዛዝ መቀበል ባይችልም አማርኛ ሰምቶ የሚጽፍ ነገር አለ፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ከሁሉም የሚጠቅመው ይኸው ነው ብለን እናምናለን። ጉግል በኦገስት 2017 አማርኛን ከስዋሂሊ ጋር በድምፅ መጻፍ ከሚቻልባቸው ቋንቋዎች ውስጥ አስገባ። አንድሮይድ ላይ ጂቦርድ የሚባለውን ኪቦርድ ከፍቶ ከቋንቋዎች ዝርዝር አማርኛን መጨመር፣ ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ ላይ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀይሮ ማይኩን መንካት ነው። ፊደል እየፈለጉ መልቀም ለሚያታክታቸው ትልልቅ ሰዎች ይህ እፎይታ ነው።

ጥራቱ? "ነገ ጠዋት ቤት እመጣለሁ፣ ጠብቁኝ" ዓይነቱን ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ሳይሳሳት ይጽፋል። የሚሰናከልባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ሥርዓተ ነጥብ በራሳችሁ መጨመር አለባችሁ፤ አራት ነጥብ የሌለው ረጅም መልእክት አንባቢን ያደክማል። ሰ እና ሠ፣ ሀና ሐ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ሲነገሩ አንድ ስለሆኑ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ያየውን ነው፤ ለቤተሰብ መልእክት ችግር የለውም፣ ለማመልከቻ ግን እያንዳንዱን ቃል ማየት ግድ ነው። ሐረግ መሀል ረዘም ያለ ዝምታ ካለ መስማቱን ያቆማል። ቁጥር ከሁሉ ይከፋል፦ የብር መጠንና ስልክ ቁጥር በድምፅ ከጻፋችሁ ከመላካችሁ በፊት አኃዝ በአኃዝ አመሳክሩ፤ ከቴሌብር የተላከን ገንዘብ ማስመለስ ከዚያ የበለጠ ያደክማል።

የሚረዳው አነጋገር ይህ ነው፦ ስልኩን ከአፍ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቆ መያዝ፣ አስቀድሞ ምን እንደሚሉ ማሰብ፣ ከ10 እስከ 12 ቃል ያለውን ባንድ ትንፋሽ መናገር፣ አቁሞ ማንበብ፣ ከዚያ መቀጠል። አፍን ማይኩ ላይ መለጠፍ ትንፋሹን ነው የሚያሰማው።

ተቃራኒው፣ ማለትም ጽሑፍን በአማርኛ ማስነበብ፣ ከሁሉ የተሻለው ማይክሮሶፍት ኤጅ ብራውዘር ውስጥ ነው። ገጹን ከፍቶ ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዩን አንድ ላይ መጫን፣ ከድምፅ ምርጫው ውስጥ መቅደስን ወይም አምሃን መምረጥ ነው። ፍጥነቱን ትንሽ ቀነስ ስታደርጉት የዜና አንባቢ ይመስላል። ችግሩ ጽሑፋችን ማጥበቅን አለማሳየቱ ነው። "አለ" የሚለው ቃል "ተናገረ" ይሁን "ይኖራል"፣ "ገና" በዓሉ ይሁን "አሁንም"፣ "ሰፊ" ልብስ ሰፊው ይሁን ትልቁ ሜዳ፣ ፊደሉ አይነግረንም። ሰው ከዐውዱ ይለያል፤ ማሽኑ አንዱን ይመርጣል። ስለዚህ "አቶ እገሌ አለ" የሚል ዜና ላይ ሰውዬው እዚያ ያለ ሆኖ ሲነበብ ብትሰሙ አትደናገሩ።

መብራት፣ ዳታ፣ ገመድ

ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣ ኤኮ ዶት አዲስ አበባ ውስጥ በሶኬት መለወጫ ይሠራል፤ ቻርጀሩ የእኛን 220 ቮልት ይችላል። ባትሪ ግን የለውም፤ መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ ይሄዳል። የዋይፋይ ራውተሩ በዩፒኤስ ላይ ቢሆን እንኳ ስፒከሩ እዚያው ላይ ካልተሰካ ዋጋ የለውም። ስማርት አምፖል የምትገዙ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ብዙዎቹ መብራት ሄዶ ሲመለስ በሙሉ ድምቀት ይበራሉ፤ ይኸውም ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መኝታ ቤት ውስጥ ይሆናል። በአምፖሉ አፕ ውስጥ ኃይል ሲመለስ ምን እንዲሆን የሚወስን ሴቲንግ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትግዙ። ስማርት ሶኬት ከዋይፋይ ጋር አልገናኝ ካለ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዋይፋዩ የሞገድ ድግግሞሽ ነው፤ ብዙዎቹ የሚያዩት 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ ነው።

ዳታ በሌለበት የሚጠቅመው አይፎን ነው። ከአይኦኤስ 15 ወዲህ፣ ከአይፎን ኤክስአርና ኤክስኤስ ጀምሮ ባሉት ላይ፣ ሲሪ አላርም፣ ታይመርና አፕ መክፈትን ስልኩ ውስጥ ትጨርሳለች፤ ፓኬጅ ቢያልቅም ትሠራለች። አሌክሳ ግን ኢንተርኔት ከሌለ አብዛኛውን ትእዛዝ አትፈጽምም።

ማን ይሰማል?

በ2019 የሲሪን ቅጂዎች ተቀጣሪ ሰዎች እንደሚያዳምጡ ታወቀና አፕል ሥራውን አቆመ፤ ሲሪ ያለ ፈቃድ ቀድታለች በሚል ለቀረበበት ክስም በ2025 መጀመሪያ ላይ 95 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። አማዞን ደግሞ ከማርች 28 ቀን 2025 ጀምሮ ድምፅን ወደ ሰርቨሩ አለመላክ የሚለውን ምርጫ ከአንዳንድ ኤኮዎች ላይ አንሥቷል።

ለቤታችን ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ የድምፅ ታሪኩን የሚያየው የአካውንቱ ባለቤት ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለው ስፒከር የአሠሪው መሆኑን ይወቁ፤ የሚያዙትን ትእዛዝ አሠሪው ያነበዋል፣ ያዳምጠዋል። ኤኮ ላይ "ድሮፕ ኢን" የሚባል ነገርም አለ፤ የተፈቀደለት ሰው ማንም ሳያነሣለት ከርቀት ገብቶ ክፍሉን መስማት ይችላል። አገር ቤት ሲደውሉ ከሌላ ክፍል መደወል ይሻላል። ስፒከሩ የራሳችሁ ከሆነ ማይኩን የሚዘጋውን ቁልፍ ተጠቀሙ፤ ቀይ መብራት ሲበራ ተዘግቷል፣ ሰማያዊ ሲሆን እየሰማ ነው።

ለእናትና ለአባት መግዛት

ብዙ ሰው ይህን ዕቃ የሚያስበው እንግሊዝኛ ለማይናገሩ ወላጆች ነው። ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። አሜሪካ ውስጥ ኤኮ ስፒከር ብቻውን 911 አይደውልም፤ ለአደጋ ጊዜ ጥሪ በወር የሚከፈልበት ሌላ አገልግሎት አለ። ወድቀው "አሌክሳ፣ እርዳኝ" የሚሉ አባት መልስ አያገኙም። እንዲህ ላለው ዓላማ አይፎን ላይ የልጆቻቸውን ቁጥር የሚደውል ቮካል ሾርትከት በራሳቸው ድምፅ፣ በራሳቸው አማርኛ መቅዳት ይሻላል። ስልኩም ከእጃቸው እንዳይርቅ መደረግ አለበት።

ስፒከር ከመግዛታችሁ በፊት ባላችሁ ስልክ ላይ አምስት ትእዛዝ ሞክሩ፦ ታይመር፣ አላርም፣ የአንድ ዘመድ ጥሪ፣ የሳምንት ማስታወሻና የአየር ሁኔታ። የሚሞክረው ዕቃውን የሚጠቀምበት ሰው ይሁን፤ ልጁ ሳይሆን እናትየዋ ራሳቸው ይናገሩ። ሁለት ሜትር ርቀው፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ። ከአምስቱ አራቱ ከሠሩ ግዙ። ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ከሆነ ገንዘቡን ያዙና የአማርኛ ኪቦርዱን ስልካቸው ላይ ጫኑላቸው፤ ማይኩ የት እንዳለ በጣታቸው አስነክታችሁ አሳዩአቸው።